ከግራዝማች ቤት ስለ ጠፋው ጽዋና በስማቸው ስለ ተሰጠው ይቅርታ

ጥብቅ ማስታወቂያ ለሐረር ሕዝብ፦ ይህን ወረቀት የምታነብ፣ ባርኔጣ ያለህ ባርኔጣህን አውልቅ፤ ነጠላ ያለሽ ነጠላሽን አዘቅዝቂ። በከተማችን ላይ ከባድ ነገር ወድቋል። የዑራኤል ማኅበር ጽዋ፣ ያ አፉ ሸረፍ ያለው የሸክላ ጽዋ፣ ከማኅበሩ ሙሴ፣ ከሰብሳቢው ቤት፣ ከነልብሱ ጠፍቷል። ሌባው በአደባባይ ተወግዟል። ሌባው እስካሁን አልታወቀም። ሌባው እኔ ነኝ።

ሐረር፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሀብተወልድ
የዑራኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ
ባሉበት

ክቡርነትዎ በዚህ በኅዳር ብርድ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎን እንዴት አድርጎዎታል? በቅሎዎ ደኅና ናት ወይ? ባለቤትዎ ወይዘሮ ሙሉነሽስ? (በቅሎዋን ማስቀደሜ በመንገድ ላይ እርስዎ ራስዎ የሚያስቀድሙትን ተከትዬ ነውና አይቀየሙኝ።) ይልቁንም ያ ጥቁሩ ጃንጥላዎ ጤና ነው ወይ? ስለ ጃንጥላው የምጠይቀው በክፋት አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥምቀት ዕለት ከታቦቱ ኋላ በግርማ ሲሄዱ ፀሐይ በረታብዎትና ሲዘረጉት፣ ማን እንደሞላው እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሽምብራ በራስዎ ላይ እንደ በረዶ የወረደ ጊዜ፣ ባለጌውን ትተው ጃንጥላውን መርገምዎን አስታውሳለሁ፤ ያለ ጥፋቱ የተረገመ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እኔ ሳህሉ ነኝ፤ የወይዘሮ ለተማርያም የእህት ልጅ። ከሸዋ በር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው አውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥዬ «ድሬ! ድሬ!» እያልሁ የክቡርነትዎን የከሰዓት እንቅልፍ የምረብሸው ማለት ነው። ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ አብሮኝ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እሱም ደከመው፣ እኔም አላስቸገርሁትም። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ቢያገኙ በማኅበሩ ደንብ ሳይሆን፣ አለ ተብሎ በሚወራው ደግነትዎ እንዲያዩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤውን በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በአቶ አሰፋ ሱቅ መዝጊያ ላይ መለጠፌም ንቀት አይደለም። ክቡርነትዎ እኔን ያስወገዙኝ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ በመሆኑ፣ እንዲህ ላለው ትልቅ ክብር በጓዳ መልስ መስጠት ብልግና መስሎ ታይቶኝ ነው።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁና።

፩ኛ፤ ባለፈው ሐምሌ ፳፪ ቀን የማኅበራችንን ደንብ ከአንዲት አሮጊት ስላዳኑልን የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አክስቴ ለተማርያም ባሏን በጣልያን ጊዜ ያጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ እናቴ ስትሞት እኔን አንሥታ ያሳደገች፣ በጀጎል ውስጥ ከእነ ዘምዘም ቤት ጋር በግድግዳ በተያያዘች አንዲት ክፍል ውስጥ ጥጥ እየፈተለች የኖረች ሴት ነበረች። ዘምዘም ማለት በሸዋ በር ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጠው የዑመር ሚስት ናት፤ አምስት ልጆች አሏቸው። አክስቴ በዚህ ዓለም ላይ የምትኮራበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የዑራኤል ማኅበርተኛ መሆኗ ነው። ተራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳታል። ተራዋ ሲደርስ ጽዋው ወሩን ሙሉ በቤቷ ጥግ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ እሷም ወሩን ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች፣ እኔንም ሳልስቅ እንድበላ ታዘኛለች። በ፳፪ ቀን ማኅበርተኛው ይመጣል፣ ካህኑ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋውም ወደ ተረኛው ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የምትፈትለው ለዚያች ቀን ነበር።

ተራዋ በደረሰበት በዚያን ዕለት፣ ሌሊቱን ያልተወው ዝናብ ንጋት ላይ የእነ ዘምዘምን ግድግዳ ጣለው። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም። ትንሿን ልጅ አሚናን ግን ዑመርና እኔ ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ስናወጣት ነጭ ሆና፣ ዓይኗን ብቻ እያርገበገበች ነበር። እህላቸው ከነማሰሮው ተደፍጥጧል። አክስቴ በሯን ከፈተችና አምስቱንም ልጆች እርጥብ ልብሳቸውን አውልቃ በራሷ ጋቢ ጠቅልላ አልጋዋ ላይ ደረደረቻቸው። አልጋው ደግሞ ለማኅበሩ ከተጋገረው ዳቦ ፊት ለፊት ነበር።

ልጆቹ ዳቦውን አልጠየቁም። ዝም ብለው አዩት። አክስቴ በኋላ ስትነግረኝ «ቢጠይቁኝ ኖሮ ቆዩ፣ ካህኑ ይምጡ እላቸው ነበር፤ ዝም ብለው ሲያዩት ግን ምን ብዬ ልመልስላቸው?» አለችኝ። ቢላዋውን አነሣች፤ ወደ ጽዋው ዞረችና እኔ እየሰማሁ እንዲህ አለችው፦ «ዑራኤል ጌታዬ፣ አንተ ትንሽ ታገሥ። አንተ ትልቅ ነህ፤ እነሱ ልጆች ናቸው።» ከዚያም ቆረሰች።

ክቡርነትዎ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውን አስከትለው ሲደርሱ የተቆረሰውን ዳቦና አፋቸው የሞላ አምስት ልጆችን አገኙ። ካህኑ፣ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፣ ነገሩ ገብቷቸው «የቀረውን እንባርከው» ብለው መስቀላቸውን ማውጣት ጀምረው ነበር። እርስዎ ግን ደፉ ላይ እንደቆሙ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ፣ ዳቦው ሳይጸለይበት የተቆረሰበት ቤት ጽዋ እንደማያድርበት፣ የቆረሰውም ሰው ከማኅበር እንደሚወጣ የሚለውን ደንብ በቃልዎ ወረዱት። መስቀሉ ወደ ኪስ ተመለሰ። ጽዋውን በገዛ እጅዎ አንሥተው ወጡ፤ ዝናብ እንዳይነካውም ጃንጥላዎን ዘረጉለት። መቼም ሽምብራ እንደሌለበት አስቀድመው እንዳረጋገጡ አልጠራጠርም። አክስቴ በዝናቡ ውስጥ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ተከተለችዎት። ምን እያለች እንደነበር ሰምተው ይሆናል። እኔ ሰምቻለሁ፤ «ጨርቁ ይቀየርለት፣ ያ ረጥቧል» ነበር የምትለው።

ለሐቁ ያህል መመስከር ስላለብኝ፣ ጠላው አልተነካም። እስላሞቹ በሃይማኖታቸው፣ ክርስቲያኖቹ በደንባቸው ትተውት ሄዱ፤ እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ለሁለቱም ወገን ብቻዬን ጠጣሁላቸው።

፪ኛ፤ ይቅርታ እንዲሁ በመለመን የማይገኝ፣ የስብሰባ ቁጥር መሟላት ያለበት ነገር መሆኑን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ።

አክስቴ እንደ አባቶቿ ወግ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ለመጠየቅ ቆረጠች። ድንጋዩን የመረጠችው ከወደቀው ከእነ ዘምዘም ግድግዳ ነው፤ «ጥፋቴ ከዚያ ስለተነሣ ድንጋዩም ከዚያ ይሁን» ብላ። እኔ ትንሽ ጠጠር መርጬላት ነበር፤ ተቆጣችኝ። ነሐሴ ፳፪ ማኅበሩ በእርስዎ ቤት ሲሰበሰብ (ነገሩ እስኪያልቅ ተራው ቆሞ ጽዋውም ስብሰባውም በእርስዎ ዘንድ ሆኖ ነበርና)፣ ያን ሁሉ የጀጎል ዳገትና ቁልቁለት ድንጋዩን ተሸክማ መውጣት እንደማትችል ያዩት የዘምዘም ልጆች ተቀባብለው ተሸከሙላት። ሁለቱ ትልልቆቹ ያነሣሉ፣ ትንንሾቹ ከኋላ «አይዞህ!» ይላሉ። ደጅዎ ሲደርሱ «እማማ ለቴ» ብለው ጠርተው አጎንብሳ እንድትቆም አደረጉና ማጅራቷ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡላት፤ ከዚያ ሮጠው ከግንቡ ኋላ ተደበቁ። የተደበቁት ክቡርነትዎ ድንጋዩን ማን እንዳመጣው ቢያውቁ በአክስቴ ላይ ሌላ ደንብ እንዳይወጣባት ብለው ነው። ትልቁ ልጅ ነው ያሰበው። ከእኔ ጋር ብዙ ስለዋለ ተንኮል ያውቃል።

አክስቴ ደጃፍዎ ላይ «ስለ ዑራኤል ማሩኝ» እያለች ቆመች። እርስዎም በረንዳ ላይ ወጥተው፣ ይቅርታ የሚሰጠው ማኅበርተኛው በሙሉ ሲገኝ መሆኑን፣ አንዱ ማኅበርተኛ ግን ለጉዳይ ድሬዳዋ መውረዱን፣ ስለዚህ በሚመጣው ወር እንድትመለስ በጨዋ አነጋገር ገለጡላት። በመስከረም ተመለሰች። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላው ጥርሱን አሞት ቀርቷል። «በሚመጣው ወር፣» አሉ። በጥቅምት ማኅበርተኛው ከነጥርሱ ተሟልቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። የጎደለችው እሷ ነበረች።

፫ኛ፤ በመንገድ ላይ በተገናኛችሁ ቁጥር፣ እሷ ለሰላምታ ስታጎነብስ፣ ጃንጥላዎን ወደ እሷ በኩል ዘንበል አድርገው ዓይንዎን ከኃጢአተኛ ስለጠበቁ አመሰግናለሁ። አክስቴ «ፀሐዩ ከብዶበት ነው» ትል ነበር። ደመና በሆነም ቀን።

፬ኛ፤ ወደ ሌብነቱ ልምጣ።

በጥቅምት መጀመሪያ አክስቴ ወደቀች። ድንጋዩ ነው አልልም፤ ዕድሜም አለ፣ ሳልም ነበረባት። ምግብ እምቢ አለች። ዘምዘም ከአልጋዋ ራስጌ አልጠፋችም፤ ታጥባታለች፣ ትገለብጣታለች፣ «ቢስሚላህ» እያለች በማንኪያ ውኃ ትሰጣታለች። አክስቴ የምታወራው ስለ ሞት አልነበረም። ዓይኗ ከዚያ ባዶ ጥግ፣ ጽዋው ተቀምጦበት ከነበረው ቦታ አይነሣም። «ሳህሉ፣» ትለኛለች፣ «ከማኅበር ወጥቼ ብሞት ዑራኤል በምን ያውቀኛል?» እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ ለሁሉ ነገር መልስ አላጣም። የዚህ መልስ ግን በእርስዎ እልፍኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቤተሰብዎ በሙሉ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ሐኪም ጋራ ለልቅሶ በሄደ ጊዜ፣ ወደ ቤትዎ ገባሁ። ውሻዎ ጅራቱን እየቆላ እስከ እልፍኝ ሸኘኝ፤ ደንብ ያልተማረ ውሻ ነውና እንዳይቀጡት። ጽዋውን ከነጨርቁ ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ሸዋ በርን ሳቋርጥ ያየኝ ሁሉ «ሳህሉ ሆድ አወጣ!» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እንደ ልማዴ ለጨዋታ ሳልቆም ግን አልፌ ሮጥሁ። ስሠርቅ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አይደለም። ሳልቀልድ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

አክስቴ ጽዋውን ስታይ መጀመሪያ ያለችው «አንሡኝ» ነው። ተኝታ አትቀበለውማ! እኔ በአንድ በኩል፣ ዘምዘም በሌላ በኩል ደግፈን አቆምናት፤ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጅ ነሣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ማን ሰጠህ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እርስዎን የበደልሁዎት። «ግራዝማች ራሳቸው ናቸው የላኩልሽ፤ ምረንሻል ብለዋል» አልኋት።

በቀላሉ አላመነችኝም፤ ታውቀኛለቻ። «ማኅበርተኛው ሳይሟላ?» አለች። «ተሟልቶ ነዋ! ያ ድሬዳዋ የወረደው ሳይቀር መጥቶ፤ ጥርሱን ያመመውም ጉንጩን ይዞ።» «እና ሀብተወልድ ምን አለ? ቃሉን ንገረኝ።» እንግዲህ ቃልዎን አምጣ አለችኝ። ክቡርነትዎን ማስመሰል እንደምችልበት ሸዋ በር ሁሉ ያውቃል፤ ጉሮሮዎን ሁለት ጊዜ ጠረግ፣ አገጭዎን ከፍ፣ ከዚያ «ስለዚህም» ብሎ መጀመር ነው። ስንቱን የአውቶቡስ ተሳፋሪ በዚያ ድምፅ አስቄበታለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ስለዚህም፣ እመት ለተማርያም፣» አልሁ በእርስዎ ድምፅ፣ «ዳቦው የተቆረሰው ለተራበ በመሆኑ፣ ማኅበሩ ዑራኤል ራሱ እንደ ባረከው ቆጥሮታል። ከእኛ አልወጣሽም። ያለ አንቺ ስንሰበሰብ ቤቱ ይቀዘቅዘን ነበር።» በዚያ ድምፅ ሳይሳቅ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። እውነት እልዎታለሁ፣ ድምፅዎ ያምር ነበር።

አክስቴ አለቀሰች። ዘምዘምም አለቀሰች። አክስቴ እንዲህ አለች፦ «እኔ ድሮም አውቀው ነበር። ሀብተወልድ እኮ ልጅ ሆኖ የወጥመድ አይጥ አይቶ የሚያለቅስ ነበር። ማዕረጉ ነው ያስቸገረው እንጂ ልቡ አልተለወጠም። ይህን ጽዋ የላከልኝን እጅ ዑራኤል ይባርክልኝ።» ስለዚህ ክቡርነትዎ ሳያውቁት ተመርቀዋል። ምርቃቱ በሙሉ ለእርስዎ ሄደ፤ ለእኔ የደረሰኝ በኋላ ያስነበቡብኝ ውግዘት ብቻ ነው።

ጽዋው በማግስቱ ሊመለስልዎ ይችል ነበር፤ እሷ ግን ለእኔ አላመነችም። «አንተ ትሰብረዋለህ» አለችና ዘምዘምን ጠራቻት፦ «አንቺ ጠብቂልኝ። የላከው እሱ ነው፣ የሚወስደውም እሱ ራሱ ይሁን። ለሌላ እጅ እንዳትሰጪ።» ዘምዘምም «ወላሂ፣ እማማ ለቴ፣ ከጌታው እጅ በቀር ለማንም አልሰጥም» ብላ ማለች። በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅምት ፲፫፣ አክስቴ ዐረፈች።

፭ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ቁጥሩ ጠፋብኝ። አስከሬኗን ማን እንደተሸከመው እርስዎም አይተዋል። ማኅበርተኛ ሲሞት የሚሸከመው ማኅበርተኛ ነው፤ እሷ ግን በደንቡ ማኅበርተኛ አልነበረችም። ስለዚህ ቃሬዛውን በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ያወጡት ዑመር፣ ወንድሙ ሳኒና ሁለት የሰፈር ጎረቤቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ቆሙ። ዑመር «እኛ እስከዚህ ነን፤ ከዚህ ወዲያ ተቀበሉን» አለ። ማን ይቀበል? እኔና የሚያለቅሱ አሮጊቶች ብቻ ነበርን። ቃሬዛው በትከሻቸው ላይ እንዳለ ደጁ ላይ ቆመ።

ክቡርነትዎ ከዋርካው ሥር ጃንጥላዎን ይዘው ቆመው ነበር። ማኅበሩን ወክለው ሳይሆን እንዲያው እንደ አላፊ አግዳሚ መምጣትዎን ለጎንዎ ሰው ሲነግሩ ሰምቻለሁ። ዑመር አየዎት። ዑመር ደግሞ እኔ የዋሸሁትን ሁሉ ከሚስቱ ሰምቶ የሚያምን ሰው ነው፤ አክስቴን የማሩ፣ ጽዋውን የላኩ ትልቅ ሰው ነዎት ለእሱ። ስለዚህ ዝቅ ብሎ ትከሻውን ወደ ጎን ሳበና በቃሬዛው እንጨት ላይ ቦታ ለቀቀልዎ። ለእርስዎ ነው የለቀቀው።

እጅዎ ተዘረጋ። አይቻለሁ። ጃንጥላ ያልያዘው፣ ያ ቀኝ እጅዎ ከካባዎ ሥር ወጥቶ ወደ እንጨቱ ሄደ፤ ጣቶችዎ ተከፍተው ነበር። ከዚያ ደንቡ ትዝ አለዎት መሰል፣ መንገድ ላይ ቆመ። ተመልሶም ከካባው ሥር ገባ። አቶ አሰፋ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ሮጦ መጣ፤ ሌሎችም ሁለት ሦስት ማኅበርተኞች እያፈሩ ተከተሉት፤ ገባች። ተቀበረች። እነ ዑመር ፍትሐቱ እስኪያልቅ ከግንቡ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

ግራዝማች፣ ይህን ሁሉ ስጽፍ የምጽፈው ለዚያች እጅ ነው። ለማዕረግዎ ቢሆን ኖሮ ሽምብራ ይበቃ ነበር።

አሁን ሁለት ነገር ሠርቄብዎታለሁ። አንደኛው ጽዋው ነው፤ እሱ ይመለሳል። ሁለተኛው ይቅርታዎ ነው። እሱን መመለስ አልችልም፤ አክስቴ ይዛው ሄዳለች። ከመቃብር አስወጥቼ፣ «እማማ፣ የነገርሁሽ ሐሰት ነበር» ልበላት? ቄሱ ውሸት ኃጢአት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ደንቡን አልክድም፣ ንስሐዬን እገባለሁ። ብቻ ያን ዕለት ደንቡን ጠብቄ እውነቱን ነግሬያት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ ንጹሕ ሆኜ፣ እሷ ደግሞ ያን ባዶ ጥግ እያየች እንደሞተች ነበር። ከዚህ የተሻለ መንገድ ነበረ። እሱ ግን በእርስዎ እጅ ነበር እንጂ በእኔ አልነበረም።

ሰሞኑን ዑመር ሽንኩርት ሲሸጥልዎ ለምን ብድግ እንደሚልልዎ፣ «አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ» ብሎ መርቆ ሳንቲምዎን ለምን አልቀበልም እንዳለዎት ሳይገርምዎ አልቀረም። ሽንኩርቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው ማየትዎን ነግሮኛል፤ የበሰበሰ የሰጠዎት መስሎዎት። ምክንያቱ ይኸው ነው። በዚያ ሰፈር ውስጥ እኔ በውሸት በፈጠርሁልዎ ደግ ሰው መጠን ተከብረዋል። ይህን ወረቀት የሚያነቡ ሰዎች ለእነ ዘምዘም እንዳይነግሯቸው አደራ። እነሱ የአማርኛ ፊደል አያነቡም፤ እስካሁንም ደግ ሰው ነዎት።

አርባዋ የሚውለው ኅዳር ፳፪ ነው። የማኅበሩ ቀን። ቀኑን እኔ አልመረጥሁትም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ካሉዎት ሁለት መንገዶች የወደዱትን እንዲመርጡ በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛው፣ ከቅዳሴ በኋላ እንደ ልማድዎ ቆመው «እኔ አልላክሁም፣ እኔ አልማርሁም» ብለው አውጀው ይቅርታውን ከሟች እጅ ማስመለስ ነው፤ ሌባም ይያዛል፣ ደንብም ይከበራል። ሁለተኛው፣ በዚያች ቀን ማኅበርተኛውን ይዘው ወደ ጀጎል መውረድ፣ የዘምዘምን በር ማንኳኳት፣ ጽዋውን በዚያች እጅዎ መቀበልና ከጎን ወዳለችው የአክስቴ ክፍል አስገብተው ከጥጉ ማስቀመጥ ነው። ዘምዘም በቤቷ ከፍተኛ ቦታ ላይ አኑራዋለች፤ ልጆቹ በእግር ጣት እየተራመዱ ነው የሚያልፉት። ጨርቁን አጥባ ቀይራለታለች። ረጥቦ ነበርና።

ዳቦም ይኖራል። ማንም እንዳይቆርሰው እኔ ራሴ ቢላዋውን ይዤ እጠብቃለሁ። ዱቄቱ ከየት እንደመጣ አልናገርም፤ ለወይዘሮ ሙሉነሽ ግን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለወገብዎ ጤናን፣ ለጃንጥላዎ ባዶነትን፣ ለቀኝ እጅዎም የጀመረችውን መፈጸምን ከልቤ የምመኝ፣ በእርስዎ ትእዛዝ የተወገዝሁ፣ በስምዎ የማርሁ፣ በአጠቃላይ ብዙ ያለቦታዬ የገባሁ፣

ሳህሉ አበበ
የድሬ አውቶቡስ ረዳት

ግልባጭ፦
ለዑራኤል ጽዋ ማኅበር አባላት በሙሉ፣ ጥርሱን ላመመውም ጭምር
ሸዋ በር ላይ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሕዝብ፣ ጊዜ ስላለው

ሳይጻፍ የቀረ፦ ያ አክስቴ ይዛው የተመላለሰችው ድንጋይ አልጠፋም። ከዘምዘም ደጃፍ በስተቀኝ ተቀምጧል። ዑመር ግድግዳውን መልሶ ሲሠራ ሁሉንም ድንጋይ ተጠቀመበት፣ እሱን ብቻ «የእማማ ለቴ ነው» ብሎ ተወው። ክብደቱ እስከዚህም ነው። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ሁለት ጊዜ በደጅዎ ተሸክማው ቆማለች። ክቡርነትዎ ሲመጡ የሚያስፈልግዎ መስሎ ከታየዎ ልጆቹ እስከ አክስቴ ደጅ ድረስ ሊያግዙዎት ዝግጁ ናቸው፤ ማኅበርተኛውን ማሟላት አያስፈልግም፣ እነሱ ሲጠየቁ ወዲያው ይምራሉ።

ከላይ ባርኔጣችሁን ያወለቃችሁ መልሳችሁ ድፉ፣ ነጠላችሁን ያዘቀዘቃችሁም አስተካክሉ። ከባድ ነገር ወድቋል ማለቴ ማጋነን ነበር። የጠፋ ጽዋ የለም፤ ከጎረቤት ነው ያለው። ነገሩ ሁሉ ተጠቃሎ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ዳቦ ነው፤ እሱንም አምስት ልጆች በሐምሌ በልተው ጨርሰውታል።